ለጀማሪ የማዕድን ባለሙያዎች፦ መጀመሪያ ውሃውን ተከተሉ

ውድ ልጆቼ፣

ድንጋይ ከሰል ማውጫ ላይ ሥራ ስትጀምሩ ሁሉም የሚያወራላችሁ ስለ ምርት ነው። ዛሬ ስንት ቶን ወጣ? ስንት መኪና ተጫነ? ከሰሉን የሚገዛው ሲሚንቶ ፋብሪካ ምን አለ? እኔ የምጽፍላችሁ ብዙ ሰው ስለማያነሳቸው ነገሮች ነው። ስለ ቦይ፣ ስለ መንገድ፣ ከሰሉን ለማውጣት ተቆፍሮ ስለሚጣለው የአፈር ክምር። በሥራ ዘመኔ ስመረምር የኖርኩት እነዚህን ነው። ሲበላሹ ሰው ይሞታል።

የአገራችን ከሰል የሚገኝባቸውን ቦታዎች አስቡ። ያዩ፣ ዴልቢ ሞዬ፣ ዳውሮ፣ ኮንታ። ዳገትና ሸለቆ ነው። ዝናቡም ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። እዚያ ምርመራ የሚጀምረው ውሃን ከመከተል ነው።

ስለዚህ በዝናብ ውጡ። ብዙ ሰው ዝናቡ እስኪያባራ ቢሮ ይቀመጥና ፀሐይ ስትወጣ ይዞራል። ደረቅ ቦይ ሁሉ ግን ደህና ይመስላል። መብረቅ ካለ ጠብቁ፤ ከሌለ ቦት ጫማችሁን አጥልቁና ሂዱ። ከላይ ጀምሩ። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ቦይ የዳገቱን ውሃ ከሰሉ ጋ ሳይደርስ መያዝ አለበት። ደለል ሞልቶታል? ውሃው ከቦዩ ወጥቶ የራሱን መንገድ አበጅቷል? የቱቦውን አፍ ቅርንጫፍ ዘግቶታል? መውጫው ሥር አፈሩ እየተበላ ነው? በማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ደረጃ በተቆረጠው እርከን ላይ የተኛ ውሃ ካያችሁም ዝም ብላችሁ አትለፉ። ወደ ውስጥ እየሰረገ ግድግዳውን ያላላዋል። ከላይ በኩል አዲስ ስንጥቅ ካገኛችሁ ከሥሩ ያለው ሰውም ማሽንም ወዲያው ይውጣ።

የውሃውን ቀለምም እዩ። ከሰል ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይዞ ነው የሚወጣው። ፓይራይት አየርና ውሃ ሲያገኝ አሲድ ይፈጥራል። የቦዩ ወለል ብርቱካናማ ዝቃጭ ከለበሰ ጠርጥሩ። የእኛ አፈር ራሱ ቀይ ስለሆነ በዓይን ብቻ አትወስኑ፤ የፒኤች (የአሲድነት) መለኪያ ወረቀት ከኪሳችሁ አይጥፋ። አሲዱን በኖራ ማከም ይቻላል፣ ንጹሑን ውሃ ቀድሞ ማራቅ ግን ይሻላል። ያዩን ሳስብ ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። በዙሪያው ያለውን የቡና ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 መዝግቦታል። ከታች ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣው እኛ ውሃ ከለቀቅንበት ወንዝ ነው።

ስለ አፈር ክምር ሲነሳ አበርፋንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ዌልስ ውስጥ ያለች የከሰል ሠራተኞች መንደር ናት። ጥቅምት 11 ቀን 1959 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1966) ጠዋት፣ ከመንደሯ በላይ የተከመረው የማዕድን ተረፈ ምርት ተንዶ ትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰው አለቀ። 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። የተናደው ሰባተኛው ክምር ምንጭ ላይ ነበር የተከመረው። ምንጩ ካርታ ላይ አለ። ክምሩ ትምህርት ቤቱን ያሰጋል ብሎ የአካባቢው አስተዳደር መሐንዲስ ከሦስት ዓመት በፊት ጽፏል። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። ስጋቱን የሚያውቅ ነበረ፤ እርምጃ የሚወስድ ግን ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሜሪካ፣ ዌስት ቨርጂንያ ውስጥ ቡፋሎ ክሪክ ላይ የከሰል እጣቢ የያዘ ግድብ ፈርሶ 125 ሰው ሞተ። ከአራት ቀን በፊት የመንግሥት መርማሪ አይቶት አጥጋቢ ነው ብሎ ነበር። አሁን እኛም አገር ከሰል ይታጠባል። የእጣቢ ኩሬ ካላችሁ ሳምንት ሳይሞላው ደጋግማችሁ እዩት። ከግድቡ ሥር የሚወጣ ቀጭን ውሃ ሲታይ ቀላል ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እሱ ነው። መደፍረስ ከጀመረ የግድቡን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና ለነገ አትበሉ፤ ከታች ያለውን ሰው አስጠንቅቁ።

መንገዱን የሚያበላሸውም ያው ውሃ ነው። መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ካላለ ውሃ ይተኛበታል፣ ከዚያ ጉድጓድ ይሆናል። በገደል በኩል ያለው የአፈር መከላከያ ቁመት ቢያንስ እዚያ የሚሄደውን ትልቁን መኪና ጎማ ግማሽ ማከል አለበት። ዝናብ ሲሸረሽረው በቀን በቀን ስለሚያንስ ዓይን ይለምደዋል፤ ስለዚህ በሜትር ለኩት። በበጋ ደግሞ የውሃ ቦቴው ለአቧራው ብሎ ቁልቁለቱን ከመጠን በላይ ካራሰ ሲኖትራኩ ይንሸራተታል። ሾፌሮቹን ጠይቁ። የትኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እንደማይዝላቸው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

የተከመረ ከሰልም ማለዳ ማለዳ ይታይ። የእኛ ዓይነቱ ከሰል በራሱ ይግላል። ጭስ ወይም እንፋሎት ካለ፣ ሽታው ከተለወጠ ክምሩ ይዘርጋ፣ በዶዘር ይጠቅጠቅ።

የምርመራ ሪፖርት ስትጽፉ «ቦይ ይጠረግ» ብቻ አትበሉ። የቱ ቦይ፣ ከየት እስከ የት፣ ማን ይጠርገው፣ እስከ መቼ። ቀኑ ሲደርስ ሄዳችሁ እዩ። ሥራ አስኪያጁ «ምርት ይቆምብኛል» ካላችሁ በአክብሮት በጽሑፍ ስጡት፣ ቅጂውን ያዙ፣ መልሱን ተከታተሉ።

አዲስ የአፈር መድፊያ ቦታ ሲመረጥ ደግሞ የአካባቢውን ሽማግሌ ይዛችሁ ውጡ። የትኛው ምንጭ በክረምት ብቻ እንደሚፈልቅ፣ የቱ ጋ መሬቱ ድሮ እንደተንሸራተተ ያሳዩአችኋል። ያሳዩአችሁን ሁሉ ያኔውኑ ካርታው ላይ አስገቡት።