ለፓነል መስመር፦ መርፌ፣ መንጠቆ ወይስ መሮ?

ሰላም ወንድሜ። የድሮውን የ1/72 (ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) የፕላስቲክ አውሮፕላን ሞዴልህን ጎበጥ ጎበጥ ያሉ የፓነል መስመሮች (የአውሮፕላኑ ቆርቆሮዎች መገጣጠሚያ የሚያሳዩትን) በብርጭቆ ወረቀት አጥፍተህ፣ አሁን ወደ ውስጥ የገቡ መስመሮችን ለመቅረጽ መርፌ፣ መንጠቆ ምላጭ ወይስ የተንግስተን መሮ ልግዛ ብለሃል። በሦስቱም ብዙ ሠርቻለሁ። አንድ ብቻ የምትገዛ ከሆነ መንጠቆውን ግዛ።

መርፌ ፕላስቲኩን አይቆርጥም፣ ገፍቶት ያልፋል። ማረሻ አፈሩን ወደ ጎን እንደሚያወጣው ሁሉ፣ የተገፋው ፕላስቲክ በመስመሩ ግራና ቀኝ ይቆለላል። ቀለም ስትቀባው ያ ጉብታ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ስለዚህ መስመሩን ሁሉ በ1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መልሰህ ማለስለስ ሊኖርብህ ነው። ክብ ነገር ላይ ግን መርፌን የሚያህል የለም። በብረት አብነት ውስጥ ትንንሽ ክብ ክዳኖችን ስትዞር እንዳዘዝከው ይሄዳል። እኔም ለዚያ አስቀምጬዋለሁ።

መንጠቆው ይፍቃል። የሞዴል ኩባንያው ታሚያ የሚሠራውን ዓይነት ማለቴ ነው። ወደ ራስህ ስትስበው ቀጭን የፕላስቲክ ክር እየተጠቀለለ ይወጣል። ያን ክር ስታይ ደስ ይልሃል፣ በትክክል እየቆረጠ ነው። ጉድለቱ ጫፉ ሹል መሆኑ ነው፤ መስመሩ በጠለቀ ቁጥር ከላይ ይሰፋል። ይህ ደግሞ በአንተ ስኬል ቀላል ነገር አይደለም። በ1/72 ላይ 0.2 ሚሊሜትር የሆነ መስመር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ14 ሚሊሜትር በላይ ነው። ትንሿን ጣትህን የሚያስገባ ክፍተት ማለት ነው! ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበህ ተወው።

መሮው እዚህ ላይ ይበልጣል። ጫፉ 0.1 ሚሊሜትር ከሆነ መስመሩም 0.1 ነው፤ ቢጠልቅም አይሰፋም። መስመሩም በጣም ንጹህ ነው። ግን ተንግስተን ካርባይድ እንደ ጠንካራነቱ ተሰባሪ ነው። የመጀመሪያዬ ጥግ ላይ ትንሽ ወደ ጎን ስላጠመምኩት ብቻ ጫፉ ቀጭ አለ። በጣም ነው ያዘንኩት። እጅህ እስኪለምድ ብትቆይ ይሻላል።

መሣሪያውን ካገኘህ በኋላ ዋናው ነገር ምላጩን ቀጥ አድርጎ የሚመራው ጠርዝ ነው። ተራ የቀለም ቴፕ ስስ ስለሆነ ምላጩ ይዘለዋል። ወፍራሙን የዳይሞ ቴፕ (የስም መለጠፊያ የፕላስቲክ ቴፕ) ለጥፍ። መጀመሪያ ስትስብ ምንም አትጫን፤ የመጀመሪያዋ ጭረት ከተጣመመች ሁሉም እሷን ተከትሎ ይጣመማል። ጥግ ላይ ስትደርስ ከጥጉ ጀምረህ ወደ መሀል ሳብ፣ አለበለዚያ አልፎ ይሄዳል።

ካመለጠህም አትደንግጥ። በሱፐር ግሉ ሙላው። ፑቲ (የሞዴል መሙያ ሊጥ) አልመክርህም፣ መልሰህ ስትቀርጽበት ጠርዙ ይፈረፈራል። ሱፐር ግሉው እንደደረቀ በዚያው ቀን ሞርደህ ቅረጸው። ካደረ ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ምላጩን ወደ ጎን ይገፋዋል።

በመጨረሻ በጥርስ ብሩሽ ጥረገው፤ ከዚያ በጣም ስስ የሆነውን የፕላስቲክ ሙጫ በቀጭን ብሩሽ አንዴ ብቻ አሳልፍበት። የቀረውን ሻካራ ያለሰልሰዋል። ከክንፉ ሥር፣ ከማይታየው በኩል ጀምር። አንዱን ክንፍ ስትጨርስ ፎቶውን ለጥፍልንና አብረን እንየው።