መዝገብ ላይ ስለሌሉ ሰዎች፤ ለድሬዳዋ ወጣቶች

ይህን የምጽፍላችሁ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ በተኛበት ወቅት ነው። ዛሬ ጠዋት በድልድዩ ሳልፍ ልጆች ከታች አሸዋው ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውኃ የሌለው ወንዝ በመሆኑ፣ ሰው የሚገድል መሆኑን ለእንግዳ ማስረዳት ያስቸግራል። ለእኛም ለተወላጆቹ ቢሆን ቶሎ ይረሳናል። እኔ ዕድሜዬን በአደጋ መከላከልና በዕርዳታ ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ በዚሁ ሙያ እየተመረቃችሁ፣ ሌሎቻችሁ በየሰፈሩ በበጎ ፈቃደኝነት እያገለገላችሁ ስለሆነ፣ እኔ በጣም ዘግይቼ የተረዳሁትን አንድ ነገር እናንተ ከጅምሩ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ በደቻቱ ዳርና ዳር ያሉትን ሰፈሮች ጠራርጎ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ድሬ ከተራራው ግርጌ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ዛፉ በተመነጠረ ቁልቁለት ላይ የሚጥለው ዝናብ ወደ መሬት ሳይሰርግ ተሰብስቦ የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

በማግስቱ አለቆቻችን ከእኛ የጠየቁት የመጀመሪያው ነገር ቁጥር ነበር። ስንት ሰው ሞተ፣ ስንቱ ጠፋ፣ ስንት ቤት ፈረሰ? በእጃችን የነበረው ግን የነዋሪው ጠቅላላ ብዛት ብቻ ነበር፤ ከዚያ ብዛት ውስጥ ማን እንደጎደለ ሊነግረን አልቻለም። ወደ እኩለ ቀን ገደማ አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እንደለበሰ፣ የራሰ መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ቅጠሎቹ ተጣብቀው ስለነበር በጥፍራቸው አንድ በአንድ እያላቀቁ ያነቡልን ጀመር። «እኚህ ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ትንሹ አይራመድም። እዚህ ቤት ባልየው ጅቡቲ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።» እኔ ብዕሬን ይዤ የሚሉትን እጽፍ ነበር፤ አፍሬም ነበር። መንግሥት መኪና፣ ድንኳንና ስንዴ ነበረው፤ የሰዎቹ ስም ግን በእድሩና እንደ እድር ባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ በአፎሻው፣ እጅ ነበር። ቀብር አብሮ የሚወጣ ሰው ጎረቤቱ ስንት ሆኖ እንደሚያድር ያውቃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምክሬ ቀላል በሆነ ነበር፤ «እድሩን ጠይቁ» ብዬ እተዋችሁ ነበር። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ወንድሙን ፍለጋ መጣ። ወንድሙ በገበያው ጫኝና አውራጅ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በወንዙ ዳር ካርቶን አንጥፎ ያድር ነበር። የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ ጠየቅሁት። «የየትኛውም አይደለም» አለኝ። እድርስ? የእድር መዋጮ ቤት ላለው ሰው መሆኑን ረስቼው ኖሯል ይህን የጠየቅሁት። የቀበሌውን ዝርዝር አገላበጥን፣ የራሰውንም መዝገብ ደግመን አየን፣ የትም የለም። ወጣቱ የወንድሙን ስም በእኔ ማስታወሻ ደብተር ላይ አስጻፈና ሄደ። ያ ስም በወረቀት ላይ የሰፈረው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

የአገራችን ተቋማት ታሪክም ይህንኑ ጉዳይ ቀስ በቀስ እንደተማሩት ያሳያል። ከወሎ ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ስሙም ሥራውም ዕርዳታ ነበር፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ እህል ማድረስ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ግን ትኩረቱን ወደ ስጋቱ አዞረ፤ ማን፣ የት፣ ለምን ተጋላጭ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅን ከዕርዳታው እኩል ሥራ አደረገው። በወረቀት ደረጃ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ስጋቱን ማወቅ ግን ካርታ ላይ ቀይ ቀለም መቀባት ብቻ እየመሰለ እንዳይቀር እፈራለሁ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ቤታቸው ከነዕቃው ለተወሰደባቸው ሰዎች ያልተፈጨ ስንዴ ያከፋፈልሁ ሰው ነኝ። ድስት የለ፣ ወፍጮ የለ፤ አንዲት እናት ስንዴውን በነጠላዋ ይዛ «ልጄ፣ ይኼን በምን ላድርገው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

አደጋ ደግሞ ጎርፍ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በከተማችን ብዙ ሺህ ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያስተኛ፣ በየቤቱ የተሰጠው ትምህርት «ውኃ አታጠራቅሙ» የሚል ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው ኤዲስ የተባለችው ትንኝ በርሜልና ጄሪካን ውስጥ በቆመ ንጹሕ ውኃ ስለምትራባ፣ ትምህርቱ ከሳይንሱ አንጻር ስሕተት የለበትም። ሆኖም ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሏን የምትደፋ እናት የለችም። የትኛው ሰፈር ውኃ በስንት ቀን እንደሚያገኝ የሚያውቅ ባለሙያ «አትደፉት፤ በጨርቅ አጥብቃችሁ ክደኑት» ይላል፤ የማያውቀው ፖስተር ለጥፎ ይሄዳል።

የማስጠንቀቂያ ነገርም እንዲሁ ነው። ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳርቻ ግንብ ተሠርቷል፤ መልካም ነው፤ ግንብ ግን በር አያንኳኳም። ከከተማችን በላይ ባለው ደጋ፣ ደንገጎ ላይ፣ ሰማዩ ሲጠቁር የሚያየው ገበሬ ለማን ይደውላል? የተደወለለት ሰው በአማርኛ ብቻ ቢናገር ኦሮምኛና ሶማሊኛ የሚናገረው ቤት ምን ይሰማል? የመስጊዱን ድምጽ ማጉያና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል በሌሊት ለማሰማት ፈቃዱ ከወዲሁ ተጠይቋል? ጆሯቸው የማይሰማ ሽማግሌ ቤት የሚሄደውስ ማን ነው? መልሱ «ኮሚቴው» ከሆነ ማንም አይሄድም ማለት ነው፤ የአንድ ሰው ስም መሆን አለበት፤ ያ ሰው ክፍለ አገር ቢሄድ የሚተካውም እንዲሁ።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ሥራ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሳይገባ ደብተር ይዛችሁ በየሰፈራችሁ ዙሩ። በመጀመሪያ የእድርና የአፎሻ ጸሐፊዎችን አግኙ፤ በአክብሮት ቁጭ ብላችሁ አዳምጧቸው፤ መዝገባቸውን ግን ውሰዱ አላልሁም፣ የእነሱ ነው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ቅጂውን ከወንዙ ርቆ ባለ ቤት አስቀምጡላቸው። ከዚያ በኋላ በእነዚያ መዝገቦች ላይ የሌሉትን ፈልጉ፦ በወር የሚከራዩትን፣ በሰው ቤት የሚሠሩትን ልጃገረዶች፣ ከገጠር ገብተው በረንዳ የሚያድሩትን፣ ሸክም የሚሸከሙትን። ስማቸውንና የሚደውሉለትን አንድ ዘመድ ስልክ ጻፉ፤ ለምን እንደምትጽፉም በግልጽ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ከቦታቸው ልታስነሷቸው የመጣችሁ መስሏቸው ይበተናሉ። በመንጋት ላይም ሆነ በቀትር አትሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ካርቶናቸውን ማንጠፍ ሲጀምሩ፣ ባትሪ ይዛችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውረዱ። መንገዱን የሚያሳያችሁ ካጣችሁ እኔ አለሁ፤ ጉልበቴ ደከመ እንጂ ቦታውን አልረሳሁትም።