«የወደድኩት አንተን ነው ወይስ አሰልጣኝህን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 31 ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከፍቅረኛዬ ጋር ዓመት ከሁለት ወር ሆኖናል፤ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር። በቀደም እሷ ቤት ሆነን ዊል ስሚዝ የሚሠራበትን «ሂች» የሚባል ፊልም አየን። ወንዶች የወደዷትን ሴት እንዴት እንደሚቀርቡ እያሰለጠነ የሚኖር ሰው ታሪክ ነው። እኔ ደስ የሚል ፊልም ነው አልኩ፤ እሷ ሰውየው የሚሸጠው ማታለልን ነው አለች። በክርክሩ መሀል፣ እኔም ስንተዋወቅ በቴሌግራም ያገኘሁት አሰልጣኝ ከፍዬው ለስድስት ሳምንት እንደረዳኝ ነገርኳት። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች የጻፈልኝ እሱ ነው። የምትመልስልኝን ስክሪንሾት እያደረግሁ እልክለት ነበር። ቡና የምትጠጣበትን ቤት ከኢንስታግራሟ አይተን «በአጋጣሚ» እንድንገናኝ አደረግን። አንድ ጊዜም ሁለት ቀን ሙሉ ዝም በላት ብሎኝ ዝም ብያታለሁ። ከመልእክቶቹ አንዱን እስካሁን ስልኳ ላይ አስቀምጣዋለች፤ «እናትሽ ስትናፍቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የሚል ነው። አወጣችና «ይሄስ ያንተ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «የወደድኩት አንተን ነው ወይስ አሰልጣኝህን?» ብላ እንድሄድላት ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ቀን ሆነ። «ጊዜ ስጠኝ» ከሚል አንድ መልእክት በቀር ምንም የለም። በእውነት አታልያታለሁ? ቻቱን በሙሉ ላሳያት? ወይስ አክስቷን አማላጅ ልላክባት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አዎ፣ አታለሃታል። ያታለልካት ግን በሁሉም ነገር አይደለም። የቱ ማታለል እንደሆነና የቱ እንዳልሆነ ለይተህ ካላወቅህ ይቅርታህ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል፤ ሁለቱም እሷን ያርቋታል።

ከፊልሙ ልጀምር፤ ጠቡ የተነሳው በሱ ነውና። «ሂች» በፌብሩዋሪ 2005 የወጣ፣ አንዲ ተናንት ያዘጋጀው፣ ኒውዮርክ ላይ የሚካሄድ የፍቅር ኮሜዲ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ360 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ያየው ሰው ብዙ ነው። ተመልካቹም እናንተ ሶፋው ላይ እንደተከፈላችሁት ነው የሚከፈለው። አንዱ ወገን «ሰውየው የሚረዳው ዓይናፋሮችን ነው፤ ሴት ለአንድ ሌሊት የሚፈልግ ሲመጣበት አይ ብሎ ይመልሰዋል፤ ምን አጠፋ?» ይላል። ሌላው ወገን «አጋጣሚ የሚመስለው ሁሉ የተቀነባበረ ነው፤ ሴትየዋ ሳታውቀው የተዘጋጀላት ቲያትር ውስጥ ገብታለች» ይላል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ልዩነታቸው የሚመጣው ከተቀመጡበት ቦታ ነው፤ ያንተና የእሷም ጠብ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ኬቪን ጄምስ የሚሠራውን አልበርትን አስታውሰው። አሌግራ ኮል የምትባል ባለጸጋና ዝነኛ ሴት የወደደ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። አሰልጣኙ ሂች ዳንስ ሊያስተምረው ሲል አልበርት መላ ሰውነቱን እያወናጨፈ፣ በእጁ ፒዛ የሚጋግር እየመሰለ ይጨፍራል። ሂች ያስቆመውና ክርንህን ከወገብህ አታርቅ፣ 90 ዲግሪ አጥፈህ ያዝ፣ ከዚህ እንዳትወጣ ብሎ ያስጠነቅቀዋል። እኛ እዚያ ክፍል ውስጥ ነን። አልበርት ሲያልበው፣ ሲያፍር፣ እንደገና ሲሞክር እናያለን። ልቡን አይተነዋልና የተሰጠውን ምክር ሁሉ እንፈቅድለታለን። አሌግራ ግን ልምምዱን አላየችም፤ የደረሳት ውጤቱ ብቻ ነው። ተመልካች ቶሎ ይቅር የሚለው ከእሷ የበለጠ ስለሚያውቅ ነው።

አንተ ያንን ፊልም ያየኸው አልበርትን ሆነህ ነው። እሷ አሌግራን ሆና አየችው። አንተ ስልክህን ይዘህ ስትንቀጠቀጥ፣ አንዷን መልእክት አሥር ጊዜ ጽፈህ ስትሰርዝ አላየችህም። ስለዚህ «ፈርቼ ነው» ስትላት ቃሉ ባዶ ሆኖ ነው የሚሰማት።

ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ላይ አሌግራ የወደደቻቸው ነገሮች ሲቆጠሩ አሰልጣኙ ያስተማረው አንድም የለበትም። ልብሱ ላይ ያፈሰሰው ሰናፍጭ ነው፤ ያ ያልተገራ ጭፈራ ነው። ይህ የደራሲ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኤሊየት አሮንሰን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1966 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሙከራ፣ የጥያቄና መልስ ተወዳዳሪን ድምፅ ለሰዎች አሰማ። ጥያቄዎቹን በሙሉ ማለት ይቻላል የመለሰው ተወዳዳሪ ቡና ልብሱ ላይ ሲደፋ ይበልጥ ተወደደ። ደካማው ሲደፋ ግን ከቀድሞውም ያነሰ ተወደደ። ይህን የነገርኩህ ሆን ብለህ እንድትደናበር አይደለም፤ የታቀደ ስህተት ሌላ ቲያትር ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ያየችህን፣ አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ያለውን ሰው አቅልለህ እንዳታየው ነው።

አሁን ያደረግኸውን እንለየው። ወረቀት አውጣና በሦስት ቦታ ጻፈው።

አንደኛው ድፍረት ነው። እንዴት ሰላም እንደምትል፣ ስታወራ እንዳታቋርጣት፣ ስልክህን ጠረጴዛ ላይ እንዳታወጣ የተመከርከው ሁሉ። በዚህ ማፈር የለብህም። ታላቅ ወንድም ወይም ጓደኛም ይህን ይመክራል፤ ከፍለህ መማርህ አያስነውርም። ለዚህ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ከጠየቅህ ሌላው ይቅርታህ ይረክሳል።

ሁለተኛው የተዋስከው ቃል ነው። የጻፈልህን ያንተ አስመስለህ ልከሃል። የምታነበው ያንተን ልብ መስሏት ነበር። ይህ ማታለል ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ቆይታው ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ በራስህ ቃል መናገር ከጀመርህ፣ የተዋስከው መግቢያውን ነው ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ቻቱን ከፍተህ የመጨረሻውን የተላከልህን ጽሑፍ ቀን ፈልግና ጻፈው። «ትንሽ ጊዜ ነው» ከማለት ቀኑን መናገር ይሻላል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፣ አንተም በደብዳቤህ በፍጥነት ያለፍከው። የእሷን መልእክት ለማታውቀው ሰው ልከሃል። ስለ እናቷ የጻፈችውን አንድ ባዕድ አንብቦታል። የምትሄድበትን ቦታ አጥንተህ ጠብቀሃታል። ሁለት ቀን ዝም ብለህ አስጨንቀሃታል። ይህ የመጨረሻው «ፍላጎት ይጨምራል» እየተባለ ይሸጣል፤ የሚጨምረው ግን ጭንቀትን ነው። መልስ አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲጠፋ ሰው ስልኩን ደጋግሞ ያያል፣ ምን አጥፍቼ ነው ይላል፣ መልሱ ሲመጣ ደግሞ እፎይታውን ፍቅር ይመስለዋል። እነዚህ ነገሮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አላቸው፤ እሷ ሳታውቅ በእሷ ላይ የተደረጉ ናቸው። ይቅርታህ ማረፍ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ብዙ አሰልጣኞች ከፊልሙ ወስደው የሚደጋግሙት አባባል አለ፤ ከምንናገረው 90 በመቶው ከአፍ አይወጣም የሚል። የዚህ ዓይነት ቁጥር መነሻው አልበርት መህራቢያን በ1967 ያወጣቸው ጥናቶች ናቸው፤ እዚያ ያለው ቁጥር ለቃል 7፣ ለድምፅ ቃና 38፣ ለፊት ገጽታ 55 በመቶ ነው። የተጠናው ግን ነጠላ ቃላትና ስሜት ነው፤ ቃሉ አንድ ነገር፣ ቃናው ወይም ፊቱ ሌላ ነገር ሲል ሰው የትኛውን ያምናል የሚል ነው። ለንግግር ሁሉ የሚሠራ ሕግ እንዳልሆነ መህራቢያን ራሱ ተናግሯል። አሁን ላንተ የሚያስፈልግህ አቋቋምና አበባ አይደለም። ቃል ነው፤ ያውም ያንተው ቃል፣ ቢንተባተብም።

ስለ ንግግሩ። «ጊዜ ስጠኝ» ብላለች፤ ስጣት። አንድ መልእክት ብቻ ላክ፦ «ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አንቺ በመረጥሽው ቀንና ቦታ ልነግርሽ ዝግጁ ነኝ። እስከዚያ አልጨቀጭቅሽም።» ይህንን ለማንም አታሳይ፤ ለእኔም መልሰህ አትላክልኝ፤ ቃሉን እንደሚመችህ ለውጠው። ከዚያ ዝም በል። ያ የሁለት ቀን ዝምታ እሷን ለማስጨነቅ ነበር። ይህኛውን አስቀድመህ ነግረሃታል፣ መጨረሻውም በእሷ እጅ ነው።

ስትገናኙ ቤታችሁም ምግብ ቤትም አይሁን፤ መናፈሻ ወይም ብዙ ሰው የሌለበት ቡና ቤት፣ እሷ በራሷ መኪና የምትሄድበት ይሁን። መነሳት ስትፈልግ መነሳት መቻል አለባት። የባልና ሚስት ጠብን ለብዙ ዓመታት ያጠናው ጆን ጎትማን ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች የንግግሩን መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚያሳዩ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ደቂቃ ከሦስተኛው ክፍል ጀምር፦ «መልእክቶችሽን ለሌላ ሰው አሳይቻለሁ። ስለ እማማ የጻፍሽውንም አንብቦታል። ያ ቡና ቤት አጋጣሚ አልነበረም። ያን ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ተመክሬ ነው።» እዚህ ላይ አቁም። «ግን» የምትለው ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ፤ «ግን ስለወደድኩሽ ነው» ካልካት ጥፋትህን በፍቅር ሸፍነህ መልሰህ ለእሷ አሸክመሃታል ማለት ነው። ቀጥሎ የምትናገረው እሷ ናት።

ትጮህ ይሆናል፤ ታለቅስ ይሆናል። ልብህ በኃይል ሲመታ፣ በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ፣ የምትሰማው ነገር ይቀንሳል፣ መልስ ፍለጋ ብቻ ትሮጣለህ። ያን ጊዜ «20 ደቂቃ ስጪኝ፣ እመለሳለሁ» በልና ተነስተህ ተራመድ። 20 ደቂቃ የተባለው ሰውነት ለመረጋጋት ቢያንስ ይህን ያህል ስለሚወስድበት ነው። በእረፍቱ መልስ አታዘጋጅ። በሰዓቱ ደግሞ ተመለስ፤ አሁን በትንሿ ነገር መታመን ትልቅ ነገር ነው።

ቻቱን በሙሉ ላሳያት ወይ ላልከው፦ አትሰርዘው፣ ሳትጠይቅህም ፊቷ ላይ አትዘርጋው። «አለ፤ ማየት ከፈለግሽ ይኸው ስልኩ፤ ካልፈለግሽም መብትሽ ነው» በላት። ሁሉን ያነበበች ሴት እያንዳንዱን ትዝታ እየነቀለች «ይሄስ የማን ነው?» ስትል ልትከርም ትችላለች፤ ሳታነብ መቅረትም እንዲሁ ሊያንገበግባት ይችላል። የምትመርጠው እሷ ናት። የእሷ ስክሪንሾቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ቴሌግራም ላይ የላክኸውን ከሁለቱም ወገን መሰረዝ ይቻላል። እሷ ካወቀችና ይሰረዝ ካለች በኋላ፣ እሷው ባለችበት ሰርዘው። ሰውየው ገልብጦ አስቀምጦ እንደሆነ ማረጋገጥ እንደማትችል ደግሞ አትደብቃት።

አክስቷን አትላክ። ሽማግሌም ከፋሲካ በፊት ይሁን በኋላ፣ እሷ በአፏ እሺ ሳትል አይሂድ። አማላጅ የሚላከው የተጣሉት ሁለቱም የጠቡን ምክንያት ሲያውቁት ነው። እዚህ አክስቷ ስትሰማ የሚቀራት አንድ ነገር ነው፤ «እንዲህ የሚወድሽ ልጅ የት ታገኛለሽ?» ማለት። ያኔ ልጅቷ ሳታውቅ የተዘጋጀባትን ነገር ስትሸሽ፣ ሌላ የተዘጋጀ ነገር ይጠብቃታል።

የቀረችው ያቺ መልእክት ናት፣ «እናትሽ ስትናፍቅሽ ምን ታደርጊያለሽ?» የምትለዋ። ዳግም ካነሳችው ጥያቄው የአሰልጣኙ ነው በላት፤ ለማሳመር አትሞክር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታስታውሳለህ? እሷ ስትመልስልህ አንተ ምን አልክ? ስለ ራስህ እናት ነገርካት? አርተር አሮን በ1997 ባሳተመው ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ 36 ጥያቄ ለ45 ደቂቃ ያህል እንዲጠያየቁ አደረገ፤ ጥያቄዎቹን የጻፉት ተመራማሪዎቹ ናቸው። ሰዎቹ ግን ተቀራረቡ፤ ያቀራረባቸው እያንዳንዱ በተራው የራሱን መናገሩ ነው። ልዩነቱ እነዚያ ሰዎች ጥያቄው ከሌላ ሰው እንደመጣ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እና አሁን እሷ ታውቃለች። ያንን ጥያቄ ራስህ ላይ መልሰው፤ እናትህ ስትናፍቅህ ምን እንደምታደርግ ከዚህ በፊት ነግረሃት የማታውቀው ነገር ካለ ያዘው። የምትነግራት ግን እሷ ከጠየቀችህ ብቻ ነው። ካልጠየቀችህና በቃኝ ካለችህ፣ ቁልፏን መልስላት፣ የወሰድከውን ዕቃ በአንድ ቀን ጨርሰህ አድርስላት፣ በጓደኞቿ በኩል ወሬዋን አትከታተል። ሦስት ወር አልፎ ራስዋ ከደወለች፣ ያኔ እንደገና ጻፍልኝ።