ግሱ እስኪመጣ ጠብቁ

ባለፈው «ስለ ቋንቋና ሰዋስው የሚያብከነክናችሁ ነገር ካለ ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ላካችሁ፣ ያውም በደንብ። አዳማ ውስጥ አንድ ባጃጅ ላይ ሦስት ሰው ተሳፍሮ በሦስት ቋንቋ ስልክ ሲያወራ መስማት ብርቅ ስላልሆነ የጥያቄው ብዛት አልገረመኝም። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልዬ፣ «ይሄን የቤት ሥራ ሥራልኝ» የሚሉትን ደግሞ ትቼ (ራሳችሁ ሥሩ!) የሚከተሉትን መርጫለሁ። ኦሮምኛውን በፊደል ስጽፈው የድምፁ ጥብቀትና ርዝመት ይጠፋል። በቁቤ (ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል) ማንበብ የለመዳችሁ ወዳጆቼ፣ ይቅርታ።

«ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ሰሞኑን ቤት ስትገባ ‹እኔ እፈልጋለሁ ውሃ› ማለት ጀምራለች። አማርኛዋ ሊበላሽ ነው እንዴ?» (አንዲት እናት፣ ከፍራንኮ ሰፈር)

አይዞሽ እህቴ። ቃሉ አልጠፋትም፣ የሚቀመጥበት ቦታ ነው የተምታታባት። እኛ «አበበ በሶ በላ» እንላለን፤ ባለቤቱ፣ ተሳቢው፣ ከዚያ ግሱ። እንግሊዝኛ «አበበ በላ በሶ» ነው የሚለው። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው። የዓለም ቋንቋዎችን አወቃቀር የሚያነጻጽር አንድ ትልቅ አትላስ አለ፤ እዚያ ላይ ከተመዘገቡት ወደ 1,400 የሚጠጉ ቋንቋዎች ውስጥ ከ560 በላይ የሚሆኑት እንደኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እንደ እንግሊዝኛ መሀል የሚያደርጉት ደግሞ 490 ገደማ ናቸው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ጃፓንኛ፣ ቱርክኛ፣ ሂንዲ ከኛ ወገን ናቸው። ብራዚል አማዞን ውስጥ የሚነገር ሂሽካርያና የሚባል ቋንቋ ጭራሽ «በሶ በላ አበበ» ነው የሚለው። ልጅሽ እሱን ብትጀምር ነበር እኔ የምደነግጠው።

እንዲያውም ከቅደም ተከተሉ ይልቅ እንግሊዝኛው ይበልጥ የሚሸተው «እኔ» የሚለው ላይ ነው። «እፈልጋለሁ» ውስጥ ፈላጊው ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ነግሮናል፣ «እኔ» ትርፍ ነው። ቦታ መቀየሩንማ እኛ ትልልቆቹም ቀኑን ሙሉ እናደርገዋለን፤ «አምጪው እስቲ፣ ውሃውን!» ያላለ ማን አለ? ሰው ፊት አታርሚያት። «ውሃ ትፈልጊያለሽ? ውሃ ላምጣልሽ?» እያልሽ በራስሽ አነጋገር መልሺላት፣ ጆሮዋ ይይዘዋል።

«እዚሁ አዳማ ተወልጄ ባድግም ኦሮምኛን በወጉ መማር የጀመርኩት አሁን ነው። አንድ ነገር ግን አልገባ አለኝ። ‹ጫላን ዹፌ› ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ‹ጫላን› ስሰማ ‹ጫላን ምን አደረጉት?› እያልኩ እጠብቃለሁ። ለካ ‹ጫላ መጣ› ማለት ነው!» (የባጃጅ ሹፌር፣ ከመብራት ኃይል)

ወንድሜ፣ ይቺ «ን» እኔንም ጉድ ሠርታኛለች።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ልጆች ተደባደቡ፣ ስማቸውን ቀይሬ ጫላና ከበደ ልበላቸው። የመታው ጫላ ነው። የተመታው ከበደ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ቆሟል። የከበደ እናት እየሮጡ መጡና «ማነው የመታው?» ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ። እኔ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነኝ ለማለት ተሽቀዳድሜ «ጫላ ከበዳን ሩኩቴ!» አልኩ። በልቤ «ጫላ ከበደን መታ» ማለቴ ነው። ያልኩት ግን «ጫላን ከበደ መታው» ነው። ከንፈሩ የተሰነጠቀው ልጅ «አንተ ነህ የጀመርከው» ተብሎ አርጩሜ ተጨመረለት። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አንተ ምስክር!» ነው የሚለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማርኛ ላይ ባለቤቱ ራቁቱን ነው የሚሄደው፣ ምልክት የሚለጠፍበት ተሳቢው ነው፤ «ከበደን»፣ «በሩን»፣ «እሷን»። ኦሮምኛ ላይ ተገልብጦ ተሳቢው እንዳለ ይቀመጥና ምልክቱ ባለቤቱ ላይ ይገባል። ስለዚህ «ጫላን ከበዳ ሩኩቴ» ማለት መቺው ጫላ ነው። ምልክቱ ሁሌ «ን» አይደለም፣ እንደ ቃሉ ይለያያል። «ናመ» ሰው ነው፣ ሰውየው ሠሪ ሲሆን «ናምኒ» ይሆናል። «ሃዸ» እናት ናት፣ እናት ስትሠራ «ሃቲ» ትሆናለች። ተሳቢውን ራቁቱን ትቶ ባለቤቱን ማልበስ በዓለም ቋንቋዎች መሀል ብዙ የሚገኝ አሠራር አይደለም፤ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች ዋናው ይሄው የኛው ምሥራቅ አፍሪካ ነው።

እንግዲህ አንተ «ን» ስትሰማ በአማርኛ ጆሮህ «ተደራጊው መጣ» ትላለህ፣ ኦሮምኛው ግን «አድራጊው መጣ» እያለህ ነው። ጥቂት ቀን ሆን ብለህ ተሳፋሪዎችህን አዳምጥና «ን» ባለበት ሁሉ «ይሄ ሠሪው ነው» እያልክ ለራስህ ንገረው። ሌላው ቅጽልና «የእኔ፣ የአንተ» የሚሉት ከስሙ በኋላ መምጣታቸው ነው። «ትልቅ ቤት» «ማነ ጉዳ» ነው፣ እንዳለ ሲገለበጥ «ቤት ትልቅ»። «ቤቴ» ደግሞ «ማነ ኮ»። ይሄኛው በሳምንት ይለመዳል፣ «ን» ግን ጊዜ ትወስዳለች።

«ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በጆሮ ማዳመጫ አስተረጉማለሁ። ተናጋሪው ሁለት ደቂቃ ሙሉ ግስ ሳያመጣ ያወራል። እኔ ዝም ስል እንግዶቹ ዞረው ያፈጡብኛል። ምን ይሻለኛል?» (ስሜ ይቆይ ያለ አስተርጓሚ)

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናትና እንዳንተ ዓይነቱ ሰው እንጀራው እዚህ ነው፣ ፈተናውም እዚሁ። አንድ ጊዜ የሰማሁትን ልንገርህ። ሰውዬው ማይክራፎኑን ይዞ «መንገዱ በተያዘለት ጊዜ ተጠናቆ እስከ ሰኔ ድረስ ለሕዝብ አገልግሎት ክፍት ይሆናል የሚል እምነት...» አለ። እስከዚህ እግር በእግር ያስተረጎመ ሰው መንገዱን መርቆ ሪባኑን ቆርጧል። ሰውዬው ውሃውን ጎንጨት አለና «...የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 በተጀመረው የኑረምበርግ ችሎት ላይ ወዲያው በወዲያው ማስተርጎም በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል ከጀርመንኛ የሚያስተረጉሙት ሰዎች በዚሁ ነው የተሰቃዩት፤ ጀርመንኛም ብዙ ጊዜ ዋናውን ግስ ወደ መጨረሻው ይገፋዋል። ፍርድ ቤት ውስጥ ደግሞ «ገደልኩ» እና «አልገደልኩም» ልዩነታቸው ቀላል አይደለም።

የሚረዳህ፣ አንደኛ፣ ቀድመው የሚመጡ ምልክቶችን ማደን ነው። «ማንም»፣ «ምንም»፣ «በፍጹም» ከሰማህ መጨረሻው አሉታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ የማያስጠይቅ መግቢያ ክፈት፤ «መንገዱን በተመለከተ፣ እስከ ሰኔ ይከፈታል ስለሚባለው ነገር...» ብለህ ብትጀምር መጨረሻው «አምናለሁ»ም ቢሆን «አላምንም»ም ቢሆን ይገጥምልሃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ንግግሩን በጽሑፍ አስቀድሞ ማግኘት ነው። ጠይቅ። አዘጋጆቹ «የለም» ይሉሃል። አለ።

«ግዕዝ እየተማርኩ ነው። ግሱ ከፊት ነው የሚመጣው። አማርኛ የግዕዝ ዘመድ ከሆነ ለምን ከኋላ አደረገው?» (የሰንበት ተማሪ)

ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የኦሪት ዘፍጥረትን መጀመሪያ አስበው፤ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ»። «ገብረ» ብሎ ሥራውን ነገረህ፣ ሠሪውን አስከተለ፣ የተሠራው መጨረሻ መጣ። አማርኛው «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ይላል። ሁለቱም ሴማዊ ናቸው። ግን አማርኛ ያደገው ከአገውኛና ከሌሎቹ ኩሻዊ ቋንቋዎች ጋር ጉርብትና ብቻ ሳይሆን ቤተኝነት ፈጥሮ ነው። ብዙ ሰው ሁለት ቋንቋ እያወራ ለዘመናት ሲኖር አንዱ ሌላውን መቅዳቱ አይቀርም፣ እነሱ ደግሞ ግሳቸው መጨረሻ ነው። አብዛኞቹ የዘርፉ ምሁራን የአማርኛን ግስ ወደ ኋላ የሳበው ይሄ ነው ይላሉ። እኔም ከፍራንኮዋ ልጅ «እፈልጋለሁ ውሃ» ጋር አንድ ዓይነት ነገር ሆኖ ነው የሚታየኝ፤ ልዩነቱ ያኛው አገር ሙሉ ሰው ያደረገው መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ለንባብ ይጠቅምሃል። «ሰማይ» «ሰማየ»፣ «ምድር» «ምድረ» እንደሆኑ አየህ? የግዕዝ ተሳቢ ምልክት ያቺ የመጨረሻ ፊደል ወደ አንደኛው ሆሄ መዞሯ ናት። መጀመሪያ ግሱን ያዝ፣ ቀጥሎ እንዲህ የዞረውን ስም ፈልግ። ግን ተጠንቀቅ፣ «ቤተ ክርስቲያን» ላይ ያለችው «ተ» ተሳቢ አይደለችም፤ «የክርስቲያን ቤት» ለማለት ሁለቱን ስሞች ያያያዘች ናት። እኔ ስማር በዚህች ስንቴ እንደተሳሳትኩ!

«ቤሩት አምስት ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት። ዓረብኛ በጆሮዬ ነው የለመድኩት። ‹አና ተዕባነ› እላለሁ፣ ‹ደክሞኛል› ለማለት። ግን ‹ነኝ› የሚለው ቃል የት አለ?» (ከፖስታ ቤት አካባቢ)

የለም እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። ዓረብኛ ስለ አሁን ሲያወራ «ነኝ፣ ነው» አያስፈልገውም። «እኔ ደካማ» ብሎ ዝም ነው። ራሽያኛም እንደዚያው ነው። ስለ ትናንት ስታወሪ ግን ይመጣል፣ «ኪንት ተዕባነ»።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የራሳችን ነው። ዓረብኛው «እኔ» ብሎ ይጀምራል፣ ባለቤቷ አንቺ ነሽ። እኛ «ደከመኝ» ስንል ግን ተደራጊ ሆነን ቁጭ ነው፤ አንድ የማይታይ ነገር መጥቶ አደከመን። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ሁሉም እንዲያ ናቸው። ኦሮምኛም «ነ ቤላኤ» ይላል፣ «ራበኝ» እንደማለት። «ሞቀኝ» ላይ ብቻ አድራጊውን እናውቀዋለን፣ የአዳማ ፀሐይ ናት።

«በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን የመመረቂያ ጽሑፌን መምህሬ በቀይ ‹ዘ› ‹ዘ› ‹ዘ› ብሎ ሞልቶ መለሰልኝ። አማርኛ ላይ የሌለ ነገር ከየት አምጥቼ ልልመደው?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አለ እኮ! ጭራ ላይ ስለሆነ ነው ያላየኸው። «ቤት» እና «ቤቱ»፣ «መኪና» እና «መኪናው»። ቅጽል ሲኖር ደግሞ ወደ ቅጽሉ ይዘላል፤ «ትልቁ ቤት»። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስበውና ስሙ ላይ «ኡ» ወይም «ዋ» የምታደርግ ከሆነ እንግሊዝኛው ላይ «ዘ» አስገባ። አብዛኛውን ታድናለህ። ፀሐይንና ጨረቃን የመሳሰሉት ግን እኛ ሳናደርግ እነሱ ያደርጋሉ፣ እነሱን በቃልህ ያዝ። «ቤቱ» ሲባል «የእሱ ቤት» ማለትም ሊሆን ስለሚችል የእሱን በ«ዘ» እንዳትተረጉም። ሌላው፣ እኛ «አምስት ልጅ አለኝ» ብንል ማንም አይስቅብንም፣ እንግሊዝኛው ግን አምስት ካልክ በኋላም ብዙ መሆናቸውን ስሙ ላይ ደግመህ እንድትነግረው ይፈልጋል። ደረቅ ነው።

«‹አልበላም› ላይ ‹ም› አለ። ‹ያልበላ› ላይ የለም። ለምን?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

«ም» የምትመጣው አሉታው ዋናው ግስ ላይ ሲሆን ነው። ግሱ የሌላ ግስ ወይም የስም ጥገኛ ከሆነ ትቀራለች፤ «ያልበላ ልጅ»፣ «ካልበላ አይሄድም»። ሁለተኛው ምሳሌ ላይ «አይሄድም» ዋና ስለሆነ «ም»ዋን እሱ ወሰዳት። ፈረንሳይኛም አሉታን እንደኛ «አል» እና «ም» ከፊትና ከኋላ አቅፎ ይይዛል፣ ሲያወሩት ግን የፊተኛውን ይውጡታል።

«እጮኛዬ ውጭ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛ አትችልም። ለእናቴ በስልክ መተርጎሚያ ‹እንዴት ነህ? ምሳ በላህ?› ብላ ላከችላቸው። እናቴ ሁለት ቀን ሙሉ ስትስቅ ቆይታ አሁን ለጎረቤት ሁሉ እያሳየች ነው። ማሽኑ ለምን ወንድ አደረጋት?»

እንግሊዝኛ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን በአንዲት ቃል ነው የሚጠራው። ማሽኑ አማርኛ ሲጽፍ የግድ አንዱን መምረጥ አለበት፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ጾታና ክብር ግሱ ውስጥ ነው ያሉት፤ «በላህ»፣ «በላሽ»፣ «በሉ»። ማንን እንደምታናግር ካልተነገረው ይገምታል፣ ሲገምት ደግሞ ወንዱን ማብዛት ይወዳል። ቱርክኛና ፊንላንድኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን እንኳ አይለዩም፣ ከእነሱ ወደ አማርኛ ሲሆን አስቡት!

እጮኛህ ማሽኑን ትተወውና ሦስት ነገር በቃሏ ትያዝ፦ «እንዴት ነዎት»፣ «ምሳ በሉ?»፣ «እግዜር ይስጥልኝ»። እርግጥ እናትህ «በሉ?» ሲባሉ «ከማን ጋር?» ሊሉ ይችላሉ። ሰላም በልልኝ እሳቸውን፤ «እንዴት ነዎት» ብለህ።