ኬዝ ሪፖርቴን (የአንድ ታካሚ ሕክምና ጽሑፌን) ቻትጂፒቲ ቢያግዘኝ ችግር አለው ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። የ4ኛ ዓመት የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ ብለሻል፤ እኔ አምና ጨርሻለሁ። ተጠቅሜበታለሁም፣ ተከስሼበታለሁም።

1. ረቂቅሽን ጎግል ዶክስ ላይ ጻፊ። ይሄን ያስቀደምኩት እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው። ጽሑፌን መስመር በመስመር ራሴ ነበር የጻፍኩት፤ ዲፓርትመንቱ ግን በማጣሪያ ሶፍትዌር አይቶ «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው የጻፈው» ብሎ ጠራኝ። ቢሮ ስገባ ቁጭ በል ያለኝ የለም። ሌሎች ተማሪዎች እየሰሙ «ማሽኑ ይዋሻል እንዴ?» ተባልኩ። አዎ፣ ይሳሳታል! ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን ማጣሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ ሐምሌ 2015 ላይ ዘግቶታል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻችን ላልሆነ ለእኛ ደግሞ ስህተቱ ይብሳል። ጎግል ዶክስ የሚያስቀምጠውን የለውጥ ታሪክ ከፍቼ የጻፍኩትንም የሰረዝኩትንም ቀን በቀን ሳሳያቸው ክሱ ቀረ። ይቅርታ የጠየቀኝ ግን የለም።

2. የጥርስ ቁጥር። ይሄኛው ታካሚ ላይ ጉዳት ያደርሳል። እኛ የምንጽፈው በኤፍዲአይ (ጥርስን በሁለት አሃዝ በሚጠራው ዓለም አቀፍ አቆጣጠር) ነው፤ ኤአይ ብዙ ጊዜ የአሜሪካኖቹን ከ1 እስከ 32 ያለውን ይከተላል። 14 ለእኛ የላይኛው ቀኝ የመጀመሪያ ፕሪሞላር (ትንሹ መንጋጋ) ነው፤ ለእነሱ የላይኛው ግራ የመጀመሪያ ሞላር (ትልቁ መንጋጋ)። አብሮኝ ክሊኒክ የነበረ ልጅ 14ን ለመንቀል ኤአይ ያወጣለትን ዕቅድ ከስልኩ ወደ ታካሚዋ ካርድ ሊገለብጥ ሲል «ሦስቱ ሥሮች» የሚል አየሁና አስቆምኩት። ፕሪሞላር እኮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር ነው ያለው፤ ሦስት ያለው የላይኛው ሞላር ነው! ታካሚዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

3. ራጅ ኤአይ ላይ አትጫኚ። ጥጉ ላይ ስምና ካርድ ቁጥር አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ታካሚው አፉን የከፈተው ለአንቺ ነው፣ ለውጭ ኩባንያ አይደለም። ስሙን ብትቆርጪውም ከታችኛው ሁለተኛ ፕሪሞላር ሥር አጠገብ ያለውን ሜንታል ፎራመን (ነርቭ የሚወጣበት የመንጋጋ አጥንት ቀዳዳ) ኤአይ ኢንፌክሽን ነው ሊልሽ ይችላል። ነርቩ ሕያው መሆኑን ለማወቅ ጥርሱን በቀዝቃዛ ፈትሺው፣ አንግል ቀይረሽ ራጅ አንሺ።

ሪፈረንስ ከኤአይ አትውሰጂ፤ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ይሰጥሻል። ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ገብተሽ ራስሽ ፈልጊ።

እኔን በእውነት የጠቀመኝ «መልሱን አትንገረኝ፣ እንደ ኦራል (የቃል ፈተና) ፈታኝ ጠይቀኝ» ስለው ነው። ባለ 2% ሊዶኬይን (ማደንዘዣ) 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሬጅ (የማደንዘዣው ትንሽ ቱቦ) ውስጥ 36 ሚሊ ግራም እንዳለ መጀመሪያ በእጄ አስልቼ፣ ለሕፃን ስንት ካርትሬጅ ይበቃል እያለ ሲያፋጥጠኝ ያመሽ ነበር። ኦራል ላይ ፈታኞቹ ያንኑ ሲጠይቁኝ ሳልደናበር መለስኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ከመጀመርሽ በፊት የአማካሪሽን ፈቃድ በኢሜይል ተቀበይ፣ ምን ላይ እንደተጠቀምሽም ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ጻፊ። በቃል ብቻ ከሆነ ቢሮው ሲጠራሽ የሚመሰክርልሽ አታገኚም።