መልስ፦ ሳይነሱ አልድን ብሎ ዓይኑ ካበጠ

እህቴ፣ የወንድምሽ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የአጥንት ክፍተቶች ሕመም) በሁለት ዙር አሞክሳሲሊን (ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት) አልድን ብሎ፣ ዛሬ ግራ ዓይኑ አብጦ አደረ ብለሻል። ሦስተኛ መድኃኒት ከፋርማሲ አትግዢ። አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጂው። ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ስትጠብቂ እንዳይመሽብሽ ኮንትራት ያዢ።

በሳይነስና በዓይን መካከል ያለው አጥንት እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ በዚያ አልፎ ዓይን ሊያጠፋ፣ ማጅራት ገትር ሊያመጣ፣ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። የጎረቤታችን ልጅም እንዲሁ ነው የጀመረው። ጠዋት የዓይኑ ቆብ ቀላ፣ ማታ ዓይኑን መግለጥ አቃተው። በደም ሥር መድኃኒት ተሰጥቶት፣ መግሉ በኦፕሬሽን ወጥቶ ነው የዳነው።

ስለ ሲቲ ስካንና ስለ መግል ካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ መመርመር) ሐኪሙን ጠይቂ፤ የሚሠራውን መድኃኒት የሚለየው ካልቸሩ ነው። የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ባዶ ማሸጊያም ያዢ። አንገቱ ከደረቀ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው ወይም ከተደናገረው ደቂቃም አትቆዪ።