ማሞቂያው ሁለት ዞን ይኑረው የሚለው ሕግ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ውስጥ በ2014 ዓ.ም. ፈቃድ አውጥተን 180 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ቤት ሠራን። እንግሊዝ አገር የሚኖረው ወንድሜ የማሞቂያ ዲዛይንና ብር ላከልን። ከገጣሚው ባለሙያ ጋር የፈረምነው ውል “ማሞቂያው በሁለት ዞን ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ዞን የራሱ ቴርሞስታት ይኖረዋል” ይላል። ዞን ማለት ሙቀቱ ለብቻው የሚስተካከል የቤቱ ክፍል ነው፤ ቴርሞስታት ደግሞ ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ነው። የተገጠመው ግን አንድ ቴርሞስታት ነው፤ እሱም ኩሽናው በር አጠገብ። እንጀራ ስንጋግር ማሞቂያው ይጠፋል። እናቴ ብርዱ ሲብስባቸው ከሰል መኝታ ቤት ያስገባሉ። ወንድሜ “ሁለት ዞን ሕግ ነው፣ ክሰሰው” ይላል። ባለሙያው ደግሞ “እዚህ አገር እንዲህ የሚል ሕግ የለም፤ ቀሪውን 20 በመቶ ክፈለኝ” ይላል። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ስለ ዞን ብጠይቅ የገባው ሰው አላገኘሁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በቅድሚያ ለእናትዎ ሰላምታዬ ይድረስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ ያደረበት ያውቀዋል።

ወንድምዎም ባለሙያውም ግማሽ ልክ ናቸው። ወንድምዎ ያሉት ነገር በእርግጥ አለ፤ ያለው ግን እንግሊዝ አገር ነው። የዚያ አገር የሕንፃ ደንብ “ክፍል ኤል” የሚባል የኃይል ቁጠባ ክፍል አለው። ማስፈጸሚያ መመሪያው ስፋቱ ከ150 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ቤት አዲስ ማሞቂያ ሲገባለት ቢያንስ ሁለት ዞን እንዲኖረው ይላል። የእያንዳንዱ ዞን ሰዓትና ሙቀት ለየብቻ ይስተካከላል። ሰው የሌለበትን ክፍል በከንቱ ላለማሞቅ ነው። ማዘጋጃ ቤት ያልገባቸውም ለዚህ ነው። እነሱ ዞን ሲባል የሚያስቡት የከተማውን ፕላን፣ የመሬት አጠቃቀሙን ነው።

ቤትዎ ፈቃድ ሲያገኝ ይሠራበት የነበረው የእኛው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ ሕንፃ ደኅንነት ብዙ ይላል። ቤት በማሞቂያ ዞን ይከፈል የሚል አንቀጽ ግን የለውም።

ታዲያ ባለሙያው ረታ ማለት ነው? በፍጹም። እርስዎ የሚጠይቁት የእንግሊዝን ሕግ ሳይሆን ውልዎን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው ይላል። ባለሙያው “ሁለት ዞን” የሚለውን አይቶ ፈርሟል። አሁን “ሕግ አያስገድደኝም” ቢል አያዋጣውም፤ ፊርማው ያስገድደዋል። ስለዚህ ክስ ቢመሠረት እንኳ የእንግሊዝን ደንብ አያንሱ። ክርክሩን ያለ ጥቅም ያወሳስበዋል።

ማስረጃው ደግሞ እዚያው ኩሽናው በር ላይ ነው። ቴርሞስታት የሚለካው የተሰቀለበትን ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። ምጣዱ ሲግል በሩ አካባቢ ይሞቃል፤ ቴርሞስታቱም ቤቱ በሙሉ የሞቀ መስሎት ማሞቂያውን ያጠፋዋል። የእናትዎ ክፍል መቀዝቀዙን የሚነግረው የለም። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን አንድ ቴርሞሜትር ኩሽናው በር ላይ፣ አንድ ደግሞ እናትዎ አልጋ አጠገብ ያስቀምጡ። በየግማሽ ሰዓቱ ፎቶ ያንሱ፣ ቁጥሩንም ይጻፉ። ሌላ የዘርፉ ባለሙያም አይቶ የጎደለውን በጽሑፍ ይስጥዎ።

ቀሪውን 20 በመቶ ለጊዜው መያዝ ይችላሉ። አንቀጽ 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽምልኝ ማለት እንደማይችል ይደነግጋል። ግን ዝም ብለው አይያዙ፤ ለምን እንደያዙት በጽሑፍ ይንገሩት። የርክክብ ሰነድ ካመጣም አይፈርሙ። የግድ ከሆነ “ሁለተኛው ዞንና ቴርሞስታት አልተገጠመም” ብለው በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ተሸማቆ ይፈርማል፣ በኋላ “አምነህ ተረክበሃል” ይባላል።

ቀጥሎ በአንቀጽ 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ ይስጡት። አጭር ይሁን፦ የውሉ ቀን፣ የጎደለው ነገር፣ የሚያጠናቅቅበት ቀን። ለዚህ ዓይነት ሥራ 15 ቀን በቂ ይመስለኛል። ኮፒው ላይ ያስፈርሙት። ሽማግሌ መሐል ቢገባ ደስ ይለኛል፤ የተስማሙትን ግን በወረቀት ያስፍሩት። እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ውሉን እንዲፈጽም እንዲያዝልዎ ይጠይቃሉ። ወይም በአንቀጽ 1777 መሠረት በእሱ ወጪ ሌላ ባለሙያ እንዲያሠሩ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈቃዱን ሳያገኙ ቧንቧውን አያስነኩ፤ ማስረጃዎ አብሮ ይፈርሳል።

የከሰሉ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አስጨንቆኛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሰጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ዛሬውኑ ያስወጡት። ሁለተኛው ዞን እስኪገጠም ለእናትዎ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይግዙላቸው። ደረሰኙን በስምዎ ያስቆርጡና ከውሉ ጋር ያስቀምጡ፤ ከባለሙያው ከሚጠይቁት ካሳ ጋር አብሮ ይቀርባል።